ጌጡን ገልብጡት

በፒያሳ አቅራቢያ ለጌጣጌጥ ወዳጆች የተደረገ ንግግር፣ ተናጋሪዋ ለንባብ እንዳዘጋጀችው

እንደምን አመሻችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቀለበት ያደረገ ቀለበቱን፣ ጉትቻ ያደረገች ጉትቻዋን ለአንድ አፍታ ታውልቅ። አሁን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት። የገዛችሁት ፊቱን አይታችሁ ነው፤ ሠሪው ምን ያህል እንደተጨነቀበት የሚነግራችሁ ግን ያ የማይታየው ወገን ነው። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመለሳል።

ጌጥ መሰብሰብ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ የገዛሁት ከዚህ ቁልቁል ከነበሩት ሱቆች በአንዱ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ የብር ኩክ ማውጫ ነበር። ርዝመቱ ከጣቴ አይበልጥም። ጫፉ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ብሏል፤ አናቱ ላይ ትንሽ መስቀል አለ። ቤት ወስጄ በጨርቅ ሳጸዳው፣ ፊቱ ላይ ያለው የተጠላለፈ ጭረት በጀርባውም እንደተደገመ አየሁ። አንገት ላይ ሲንጠለጠል ያ ወገን ከልብስ ጋር ነው የሚውለው፤ ማንም አያየውም። ሠሪው ይህን እያወቀ ደገመው። እኔን የያዘኝ ያ ጭረት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጌጥ ገዝቻለሁ፣ ሸጫለሁ፣ ለሰው ሰጥቻለሁ። ይህ ግን ከእጄ አልወጣም፤ ይኸው ዛሬም ይዤው መጥቻለሁ።

ስለ ጥራት የሚጠይቀኝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ካራት ነው። ካራት የወርቁን ንጽሕና እንጂ የሥራውን ጥራት አይናገርም። 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው። 21 ካራት ከሺህ 875 እጁ፣ 18 ካራት ከሺህ 750 እጁ ወርቅ ሆኖ የቀረው ብር፣ መዳብ ወይም ሌላ ብረት ነው። ወርቅ ንጽሕናው በጨመረ ቁጥር ይለሰልሳል። ለእናት የሚሰጥ ወፍራም አምባር 21 ካራት ቢሆን ደስ ይለኛል። ድንጋይ በቀጫጭን ጥፍሮች የሚይዝ ቀለበት ግን 18 ካራት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ጥፍሮቹ ለስላሳ ከሆኑ ድንጋዩ አንድ ቀን ይወድቃል። ካራቱ ለሥራው ይስማማል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ያጋጠመኝ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቀለበቶች አስቀምጫለሁ። አንደኛው ስሙ ከገነነ የውጭ የጌጥ ቤት የወጣ ነው፤ ሌላው የፒያሳ አንጥረኛ ሥራ ነው። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር የውጭውን ስታዩት በውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉት። ብረቱ ወደ ቅርጹ ሲፈስ አየር ሲታፈንበት የሚፈጠሩ ናቸው። ፊቱን ወልውለው ውስጡን ትተውታል። ድንጋዩን ከያዙት አራት ጥፍሮች ደግሞ አንዱ ድንጋዩን አይነካም። ይህን ያወቅሁት በመነጽር አይደለም። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነጠላዬ ተያዘብኝ። ክሩን ሳላቅቅ የያዘው የቀለበቱ ጥፍር ሆኖ አገኘሁት። በደንብ የተደፈነ ጥፍር ነጠላ አይዝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋይ ያለው ቀለበት ልገዛ ስሄድ ነጠላ ለብሼ እሄዳለሁ፤ ጫፉን በድንጋዩ ዙሪያ ቀስ አድርጌ አንሸራትታለሁ። ክር ከሳበ አልገዛም። ሻጮች መጀመሪያ ግራ ይገባቸው ነበር፤ አሁን ግን አንዳንዶቹ ለሌላ ደንበኛም ሲያሳዩ አይቻለሁ።

ከድንጋይ በኋላ የማየው መቆለፊያውን ነው። ሰው ለሐብል ገንዘቡን አውጥቶ ለመቆለፊያው ደንታ የለውም። ከዓመታት በፊት የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ላይ የአንገት ሐብሌን አጣሁ። ስንጋፋ ተበጥሶ ከነማንጠልጠያው ሄደ። በማግሥቱ ልብሴ ውስጥ የቀረችውን ቁራጭ ይዤ በመነጽር ሳያት፣ መቆለፊያውን ከሰንሰለቱ ጋር የምታያይዘው የመጨረሻዋ ቀለበት አልተበየደችም ነበር፤ ጫፍና ጫፏ ገጥሞ ብቻ ነው የተተወው። ይህን ይዤ ወደ ሸጠልኝ ሰው ስሄድ፣ ሰንሰለቱ ምን ሆነ፣ ሰንሰለቱ እኮ ደህና ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰንሰለቱ ደህና ነበር። ብየዳዋ የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት። ሐብል ስትገዙ ሰንሰለቱን ከማየታችሁ በፊት ያችን ቀለበት በጥፍራችሁ ፈትሹ። ክፍተት ካላት፣ ወይ እዚያው ይበየድ በሉ፣ ወይ ተዉት።

ስለ ወርቅ ቅብ አጭር ነገር ልናገር። ቅብ በራሱ ሐሰት አይደለም፤ ቅብነቱ ሲደበቅ ነው ሐሰት የሚሆነው። በአሜሪካ ደንብ በብር ላይ የተቀባ ወርቅ ቨርሜይ ተብሎ ለመሸጥ ቅቡ ቢያንስ 2.5 ማይክሮን ውፍረት ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቅብ ያለው ቀለበት በየቀኑ ከተደረገ መገርጣቱ አይቀርም። ለጉትቻ ግን ዓመታት ያገለግላል፤ ጆሮ እንደ ጣት አይፈተግም። ነጭ ወርቅ የምትሉትም አብዛኛውን ጊዜ ሮዲየም የሚባል ነጭ ብረት የተቀባ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ቢጫ ሲል ተታለልን እያላችሁ አትዘኑ፤ እንደገና ይቀባል።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልግባ፤ ወደ ንድፍ።

እኛ ጌጥን የምንለካው በግራም ነው። ሱቅ ስንገባ የመጀመሪያ ቃላችን "ግራም ስንት ገባ?" ነው። በዚያ ላይ የእጅ ዋጋ ይጨመርበታል፤ በእጅ ዋጋው ላይ ደግሞ እስኪመሽ እንከራከራለን። ልንሸጠው ስንመለስ ያ የእጅ ዋጋ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ በግራሙ ይከፈለናል። አንጥረኛው ሦስት ሌሊት የለፋበት ሥራና በአንድ ቀን የተጣለ ሥራ ሚዛኑ ላይ አንድ ናቸው። ይህ አያያዝ ንድፍን ይገድላል። ዋጋ የማይሰጠው ነገር ላይ ማን ይደክማል?

ሌላው ዓለም ሁሉ እንዲህ አያስብም። ኤልሳ ፔሬቲ የተባለችው ጣሊያናዊት ንድፍ አውጪ እ.ኤ.አ. በ1974 ለአሜሪካው የጌጥ ቤት ለቲፋኒ መሥራት ስትጀምር ሰውን ያስደነቀችው በብር ነው። የአጥንት ቅርጽ የያዘው አምባሯ የእጅ አንጓ ላይ ጎበጥ ያለችውን አጥንት ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ለግራ እጅና ለቀኝ እጅ ለየብቻ ነው የተሠራው፤ ምክንያቱም ሁለቱ አንጓዎቻችን የአንዱ መልክ በሌላው የተገለበጠ ነው። እስቲ አንጓችሁን ንኩ፤ አጥንቷን አገኛችኋት? ያች ሴት ከእናንተ በፊት ነክታታለች። ግራሙ ስንት ነው ብሎ ይህን ሥራ መለካት አይቻልም።

አልዶ ቺፑሎ እ.ኤ.አ. በ1969 ኒው ዮርክ ላይ ለፈረንሳዩ የጌጥ ቤት ለካርቲየር የነደፈውንም አምባር ውሰዱ። ሁለት ግማሾች በብሎን ይታሰራሉ፤ ማሰሪያው ትንሽ መፍቻ ነው። በዙሪያው የሚታዩት ጌጦች ደግሞ የብሎን ራስ ምስል ናቸው። ሌላው ሠሪ የሚደብቀውን መቆለፊያ እሱ ጌጡ አደረገው። ዋጋው ከእኔ አቅም በላይ ስለሆነ የለኝም፤ ዱባይ አንድ ሱቅ ውስጥ ግን በእጄ ይዤ ለረጅም ጊዜ አይቼዋለሁ። የምወደው ወርቁን ሳይሆን ሐሳቡን ነው።

እኛም እንዲህ ያለ ነገር የለንም አትበሉኝ። ሰምና ወርቅ ብለን ቅኔያችንን የሰየምነው ከአንጥረኛ ቤት በወሰድነው ነገር ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ እሳት ላይ ሲያደርገው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠው ብረት ይገባል። የውጭዎቹ ታላላቅ ቤቶችም ዛሬ የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው፤ ሰሙን ኮምፒውተር ይቀርጸዋል፣ ጭቃው ጂፕሰም ሆኗል፣ መርሁ ግን አልተለወጠም። የመስቀሎቻችንን ብዛትና ልዩነት ማየት የሚፈልግ ሰው ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይሂድ። ከአንዱ መስቀል ፊት ሩብ ሰዓት ቁሙ። እኔ አንዳንዱን እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። የአያቶቻችን ጌጥ ብዙው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ካለበት የድሮ ገንዘብ፣ ከማርትሬዛ ብር፣ የተሠራ ነው። ያ ብር ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ንጽሕናው ከሺህ 833 ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ ከዚያም በኋላ ሲታተም ኖሯል፤ ገበያተኛውም በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጥቦች እየቆጠረ ነበር የሚቀበለው። እንግዲህ አንድ ወጣት የአያቱን ድሪ ይዞ ሱቅ ይሄዳል። ከሺህ 925 እጁ ብር መሆኑን የሚያሳይ 925 የሚል ማኅተም የለውም፤ ሲፈተሽም ከ925 ያንሳል። "ይህ ንጹሕ ብር አይደለም" ይባላል፣ በርካሽ ይገዛል፣ ይቀልጣል። ያ ድሪ ሐሰተኛ ሆኖ አይደለም፤ አባቱ ማርትሬዛ ስለሆነ ነው። የእናቷን ጌጥ አቅልጣ በስልኳ ያየችውን ሐብል ያሠራች ወዳጅ አለችኝ። እናቷ ለሠርጓ ያደረገችው የቁርጭምጭሚት አልቦ ነበር። አዲሱ ሐብል ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሰለቻት። አልቦው ግን የት ይገኛል?

ፓንዶራ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጌጦቹን የሚሠራው እንደገና ከተጣራ ብርና ወርቅ ብቻ እንደሆነ አስታውቋል። ማዕድን ላለመቆፈር ጥሩ ነው፤ አመሰግናለሁ። የእኛ አንጥረኞች ግን ይህን ሲያደርጉ የኖሩ ናቸው፤ ያም ማቅለጥ ነው ብዙ ንድፍ ያጠፋብን። ስለዚህ የእናቱን ጌጥ ሊያቀልጥ የተነሳን ሰው አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ መጀመሪያ ከፊትና ከጀርባ ፎቶግራፍ አንሳው።

ፓንዶራን ካነሳሁ አይቀር ስለ አዳዲስ ሥራዎች ልቀጥል፤ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ እሱ ነው። ኩባንያው በ1982 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ትንሽ ሱቅ ሆኖ የተጀመረ ነው። ትንንሽ ጌጦች የሚሰኩበት አምባሩ በ2000 ወጣ። የዚያ አምባር ብልሃት በሰንሰለቱ ላይ ባሉት ሁለት ጥርስ ያላቸው ቦታዎች ነው፤ አምባሩን በሦስት ይከፍሉታል፣ ጌጦቹም በአንድ ወገን እንዳይከማቹ ያግዛሉ። ይህን ሐሳብ አከብራለሁ። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጌጦች ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ ብር ነበሩ፤ ጎድጓዳው ጠቆር ብሎ ቅርጹን ያወጣው ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚወጡት ብዙዎቹ ግን ቀለም የተቀቡ የፊልም ገጸ ባሕርያት ናቸው። ልጆች ሊወዷቸው ይችላሉ። ለእኔ ግን ቀለሙ ሲላጥ ከሥሩ ምንም ንድፍ አይቀርም። የድሮዎቹን ከሰው እጅ ማፈላለግ ይሻላል፤ ስትገዙም ብርነቱን የሚያመለክተውን ቁጥርና የመሥራቹን አባት ስም የሚያስታውሱትን ሦስት ፊደላት ፈልጉ።

የካርቲየር ሦስት ቀለበት፣ ትሪኒቲ፣ በ1924 እ.ኤ.አ. የተፈጠረ ነው፤ ነጭ፣ ቢጫና ቀይ ወርቅ እርስ በርስ ተሰካክተው ጣት ላይ ይንከባለላሉ። መቶኛ ዓመቱን ሲያከብሩ በ2024 ጠርዙ ለስለስ ያለ አራት ማዕዘን ዓይነት አወጡ። ስሰማ ተናድጄ ነበር፤ የሚንከባለልን ነገር ማዕዘን ማውጣት ጥፋት መስሎኝ። ጣቴ ላይ ሳደርገው ግን ሐሳቤን ለወጥኩ። ይንከባለላል፣ ነገር ግን እየተንከባለለ ቦታ ይይዛል፤ ክቡ እንደሚያደርገው ዝም ብሎ አይሽከረከርም። አዲስ ሥራ እንዲህ ሲሆን ነው አዲስ የምለው፤ የድሮው ያልመለሰውን አንዲት ጥያቄ ይመልሳል።

አብዛኛው አዲስ ሥራ ይህን አያደርግም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አንድ አውንስ ወርቅ 4,000 ዶላርን ተሻገረ። አውንስ 31 ግራም ገደማ ናት። ዋጋ ሲንር ጌጥ ይሳሳል፤ ፊቱ ያው ሆኖ ጀርባው ይቦረቦራል። በአንድ ስም የሚሸጡ የድሮና የአዲስ ጉትቻዎችን በሚዛኔ ሳስቀምጥ አዲሱ ቀልሎ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ክብደት ያጣ ጉትቻ ጆሮ ላይ አይረጋም፤ ወደፊት ይደፋል። ስለዚህ አንድ ሥራ እንደወጣ አልገዛም። ዓመት እጠብቃለሁ። በዓመቱም ዓይኔ ከፈለገው፣ ያደረጉት ሰዎች ምን እንደሆነባቸው ጠይቄ እገዛለሁ።

ስለ ወሎ ኦፓል ሳልናገር ብወርድ ራሴን አልምርም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ይህ ድንጋይ ዛሬ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። በውስጡ ያለው ቀለም ቀለም አይደለም። እጅግ ደቃቅ የሲሊካ ክብ ቅንጣቶች በሥርዓት ተደርድረው ብርሃንን ሲበትኑት ነው ያ ቀይ፣ ያ አረንጓዴ የሚነሳው። የወሎው ልዩ ጠባይ ደግሞ ውኃ መጠጣቱ ነው። ቀለበቴን ሳላወልቅ ዕቃ በንጹሕ ውኃ አለቅልቄ ሳየው ድንጋዩ ብርጭቆ ሆኗል፤ ቀለሙ ጠፍቶ ከበስተኋላው ያለው ብር ይታያል። ተበላሸ ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም። በጥላ ቦታ አስቀመጥኩት። በአራተኛው ቀን ከአንድ ጥግ በኩል አረንጓዴው ተመለሰ፣ ቀስ በቀስም ሁሉም መጣ። ንጹሕ ውኃ ስለነበረ ነው የተረፈው። ዘይት ወይም ሽቶ ቢጠጣ ኖሮ ብጫ ብሎ ሊቀር ይችል ነበር።

ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ፣ በሞስ፣ ጥንካሬው ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ ተራ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን 7 ነው፤ ስለዚህ አቧራ ይጭረዋል። የእኛ ንድፍ አውጪዎች ግን ትልቁን ኦፓል በአራት ጥፍር ከፍ አድርገው የዕለት ቀለበት ላይ ይሰቅሉታል። ይህ ለድንጋዩ ደግ አለመሆን ነው። ኦፓል ለአንገትና ለጆሮ ነው። የግድ ቀለበት ይሁን ከተባለም ዙሪያውን ከድንጋዩ ከፍ ያለ ከፈፍ ይክበበው፤ ጠረጴዛ ሲመታ ብሩ ይምታ። ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ቀለምም ስለሚጠጣ፣ ደማቅ ወይን ጠጅና ሮዝ ኦፓል ሲያሳዩአችሁ ስንጥቆቹን በመነጽር እዩ፤ ቀለሙ እዚያ ከተጠራቀመ ተነክሯል።

የመጨረሻው ነገር ስለ ስም ነው። በእንግሊዝ አገር በ1300 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ በብር ዕቃ ላይ የነብር ራስ እንዲታተም አዘዘ፤ በ1363 ደግሞ እያንዳንዱ አንጥረኛ የራሱን ምልክት እንዲያኖር ተደነገገ። ዛሬ የዚያን አገር የድሮ ማንኪያ ገልብጣችሁ የሠሪውን ማንነት ማግኘት ትችላላችሁ። የእኛን ሥራ ብትገለብጡት ጸጥ ያለ ነው። ምክንያቱን እናውቀዋለን። በዚህ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ስሙ መሰደቢያ የሆነበት ሰው ስሙን ሥራው ላይ አያኖርም። እኔ እንዲህ ነው የምረዳው።

ፒያሳ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የማሠራቸው አንድ አዛውንት አንጥረኛ አሉ። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ሱቃቸውን ለቀው ሌላ ቦታ ገብተዋል። ባለፈው ዓመት አንድ የብር ቀለበት ሳዝዛቸው፣ "ጋሼ፣ የስምዎን ፊደል ያስገቡልኝ" አልኳቸው።

"የኔን? ያንቺን ነው እንጂ ልጄ፤ ቀለበቱ ያንቺ አይደል?"

"ቀለበቱ የኔ ነው፤ ሥራው የእርስዎ ነው።"

ዝም አሉ። በሳምንቱ ስመለስ ከአሮጌ ሞረድ ስባሪ ትንሽ ማተሚያ ሠርተው ጠበቁኝ። የመጀመሪያውን ፊደሉን በቀጥታ ስለቀረጹት፣ ለስላሳ እርሳስ ብረት ላይ ሲመቱት ተገልብጦ ወጣባቸው። ሁለተኛውን ግልባጩን ቀረጹ። ፊደሏ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። "የት ላድርገው?" አሉኝ። "ከውስጥ" አልኳቸው። ቀለበቱን አጽንተው ያዙ፣ ማተሚያውን በውስጥ በኩል አቆሙ፣ በመዶሻ አንድ ጊዜ ብቻ መቱ። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ፊደሏን ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

ከዚያ ወዲህ አራት ሥራ ሠርተውልኛል፤ በአራቱም ላይ አለች። ቅድም ሁለት ቀለበቶች አሉ ያልኳችሁ ጠረጴዛ ላይ የፒያሳው ያ ቀለበት ነው። መነጽሩም ከጎኑ አለ፤ ስትወጡ አንስታችሁ እዩት።